«አልሰማሁም» የሚል ጓደኛ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ ውስጥ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች ሱቅ አለችኝ። መኪናዬ በእግር የምትረገጥ የድሮ ሲንጀር ናት። ከመኪናዋ ጎን መደርደሪያ ላይ ሬዲዮ አለ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የምነካው ሬዲዮውን ነው። ከዚያ መቀሱን አነሳለሁ። እንዲህ ስል 22 ዓመት ሞላኝ።

ለሰው «ሬዲዮ እሰማለሁ» ስል ኤፍ ኤም ይመስለዋል። እኔ የምወደው አጭር ሞገዱን ነው። ከሩማንያ፣ ከጃፓን፣ ከቻይና፣ ከሐርጌሳ ተነስቶ ጦሳ ተራራን አልፎ እኔ ሱቅ የሚገባውን ድምፅ።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ወር ሁለት ወጣቶች ሱቄ መጥተው ስለነበር ነው። እህትና ወንድም ናቸው። ከአያታቸው የቀረ ሬዲዮ በፌስታል ይዘዋል። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከጩኸት በቀር ምንም አያወጣም፤ እንጣለው?» አሉኝ። እንዳትጥሉት አልኳቸው። ሲሄዱ አሰብኩት። እኔም ስጀምር የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ብዙ ዓመት አይባክንብኝም ነበር። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፈው።

ከጩኸቱ ልጀምር። አብዛኛው ሰው ሬዲዮው የተበላሸ የሚመስለው በጩኸቱ ነው። ጩኸቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሬዲዮው አይደለም። ከቤታችሁ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሥራ ሲበዛብኝ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ገዛሁ። ሥራው እውነትም ፈጠነ። ሬዲዮው ግን ያን ቀን አላሰማ አለኝ። መርገጫውን በነካሁ ቁጥር «ጭርርር» ይላል፤ እግሬን ሳነሳ ይተወዋል። ሁለት ሳምንት ሬዲዮውን ስወቅስ ከረምኩ። ለካ የመኪናው ሞተር ነው። አሁን ያ መኪና በረንዳው በኩል ነው ያለው። የምሠራበትም የተጣደፈ ሥራ ሲመጣ ብቻ ነው። ቀሪውን በሲንጀሯ እሰፋለሁ። እሷ ከሬዲዮ ጋር ተስማምታ መኖር ትችላለች።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ። መለየቱ ቀላል ነው። ሬዲዮውን በባትሪ ድንጋይ አድርጉትና የቤቱን መብራት ከቆጣሪው ላይ አጥፉ። ጩኸቱ ከቀነሰ ጥፋተኛው ውስጥ ነው። ከዚያ አብሩትና አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ፈልጉ። ካልቀነሰ ከጎረቤት ወይም ከመስመሩ ነው፤ ያኔ ሬዲዮውን ይዛችሁ ከቤት ራቁ።

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ «ወይኔ!» ይላል። እኔ ደግሞ ወደ ሬዲዮዬ እሮጣለሁ። መላው ከተማ ሲጨልም አየሩ ይጠራል። ሌላ ቀን ጨርሶ የማይሰማ ጣቢያ ጆሮዬ ሥር የሚናገር ያህል ይቀርባል። ሚስቴ ለምዳዋለች። ሻማውን ለልጆቹ ታበራና ባትሪ ድንጋዩን ለእኔ ታቀብለኛለች።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ ልክፈት?» ነው። መቃኛው ላይ ቀን ቁጥሩ ከፍ ያለውን፣ ማታ ቁጥሩ ዝቅ ያለውን ፈልጉ። ቀን 15 ሺህ ኪሎ ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም 19 ሜትር ባንድ ላይ ሁኑ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ 9 ሺህዎቹ፣ ከዚያም ወደ 6 ሺህዎቹ ውረዱ። ምክንያቱን የፊዚክስ መምህር የሆነው ጓደኛዬ ነው ያስረዳኝ። ከምድር በላይ በፀሐይ ጉልበት የሚፈጠሩ ንብርብሮች አሉ። ላይኛው ሞገዱን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ አንጥሮ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ታችኛው ግን ዝቅተኛውን ሞገድ እየዋጠ ያስቀረዋል። ያ ታችኛው ፀሐይ ስትገባ ይጠፋል። ለዚህ ነው ማታ ማታ ሩቅ አገር የሚቀርበው። በጣም የምወደው ሰዓት ልክ ሲመሽና ልክ ሲነጋ ያለው ነው። ሃያ ደቂቃ ለማትሞላ ጊዜ ያልጠበቃችሁት ጣቢያ ብቅ ይልና ተመልሶ ይሄዳል።

ፀሐይ ራሷም ጸባይ አላት። በ11 ዓመት አካባቢ አንዴ ትበረታለች፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ብርቱ ነበረች። በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ጠዋት ሬዲዮዬ ድንገት ጸጥ አለ። ተበላሸ ብዬ ፈታሁት። አንዲት ብሎን ጠፋችብኝ። ማታ መምህሩ ደውሎ «ፀሐይዋ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ነበር፤ የኔም ጸጥ ብሏል» አለኝ። ሬዲዮ ከመፍታታችሁ በፊት ለሌላ አድማጭ ደውሉ። ብሎን ይተርፋችኋል።

አንቴና ላይ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ቆርቆሮ ክዳን ሞገድ ይከለክላል፤ ቤት ውስጥ ሆኖ አልሰማ ካላችሁ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እኔ ተራ የመዳብ ሽቦ ገዛሁ። በልብስ መለኪያ ሜትሬ፣ 150 ሳንቲም በምትሆነው፣ ሰባት ጊዜ ለካሁት። 10 ሜትር ተኩል ሆነ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት የባህር ዛፍ ምሰሶ ተከልኩ። ሽቦው እንጨቱን እንዳይነካ ጫፍና ጫፉን ባዶ የፕላስቲክ ክር ማጠንጠኛ ላይ አሰርኩት። አንዱን ጫፍ በመስኮት አስገብቼ ሬዲዮው አንቴና ላይ በልብስ መቆንጠጫ አጣበቅኩት። በቃ። ሽቦው ሲረዝም ግን ርካሽ ሬዲዮ ግራ ይጋባል፤ ጣቢያዎቹ ይደራረቡበታል። በ10 ሜትር ጀምሩ። ደግሞም አደራ፣ ክረምት ላይ ደመና ሲጠቁር ሽቦውን ከሬዲዮው አላቁና ወደ ውጭ አውጡት። ደሴ ላይ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

አሁን ስለ ሰዓት። የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለአንድ ጣቢያ «ድምፃችሁ እንዲህ ሆኖ ደረሰኝ» ብሎ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ጣቢያው የላካችሁትን አይቶ ልክ ከሆነ የማረጋገጫ ካርድ ይልካል። ከፊት ሥዕል፣ ከኋላ ቀኑ፣ ሰዓቱና ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም የሞገዱ ቁጥር፣ ያለበት። ኪውኤስኤል ይባላል። የመጀመሪያዬን ደብዳቤ ጽፌ ስምንት ወር ጠበቅኩ። መልስ የለም። ኋላ ጋሼ የምላቸው አንድ አዛውንት አድማጭ ቅጂውን አይተው «ልጄ፣ ይሄ እኮ በኛ ሰዓት ነው» አሉኝ። «ማታ 1 ሰዓት» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ነበር። እነዚያ ሰዎች በዚያ ሰዓት ያሰራጩት ምንም ነገር አልነበረም።

የዓለም የጋራ ሰዓት ዩቲሲ ይባላል። ጋሼ እንዲህ አስተማሩኝ። የቀን ሰዓት ከሆነ 3 ደምር። የማታና የሌሊት ከሆነ 15 ደምር፤ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንስ። ማታ 1 ሰዓት 16 ይሆናል። ጠዋት 3 ሰዓት 6 ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዜሮ ይሆናል፤ ቀኑም የሚለወጠው ያኔ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ከመስታወቱ ጎን ለጥፌዋለሁ። ልብስ የሚለካ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል።

ደብዳቤው ላይ ምን ሰማሁ የሚለውን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያህል በዝርዝር ጻፉ። ማን ተናገረ፣ ስለ ምን፣ ምን ዓይነት ዘፈን ተከተለ። ለጥራቱ ሲንፖ የሚባሉ አምስት ቁጥሮች አሉ፤ የሞገዱ ጉልበት፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት፣ ጩኸት፣ የድምፁ መዋለል፣ ጠቅላላ ሁኔታ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 5 ጥሩ ነው። 55555 ብላችሁ አትጻፉ። መሐንዲሶቹ ምስጋና አይደለም የሚፈልጉት፤ እውነቱን ነው። የእኔ የመጀመሪያ ካርድ የመጣው ከሬዲዮ ሩማንያ ኢንተርናሽናል ነው። የፖስታ ሣጥኑ የአጎቴ ነው። አጎቴ ፖስታውን ሲያቀብለኝ «ውጭ ልትሄድ ነው እንዴ?» ብሎ ደንግጦ ነበር። ካርዱን ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ጋሼ ያልኳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። 70 አልፈዋል። ልጅ ሳሉ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ሬዲዮ ሲከፈት ያስታውሳሉ። ባለ 100 ኪሎ ዋት ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫ ነበረው። «ያኔ የሰፈሩ ሬዲዮ አንድ ነው፤ እኛ ልጆቹ በር ላይ ቆመን እንሰማለን» ይላሉ። እስካሁን የሚያዳምጡት በናሽናል ፓናሶኒክ ነው። የመቃኛው ክር ተበጥሶ በእኔ የጂንስ መስፊያ ክር ነው የቀጠሉት።

መምህሩ፣ ጋሼና እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ቤት ቡና እንጠጣለን። ደብተሮቻችንን ይዘን ነው የምንሄደው። በሳምንቱ ያዳመጥነው ሁሉ እዚያ አለ። አቦሉ እስኪደርስ ዝም ብለን የአንዳችንን ደብተር ሌላችን እናነባለን። ደንባችን አንድ ነው። ሁላችንም ለየብቻችን፣ በየቤታችን እንሰማለን። ያልሰማነውን አንጽፍም። ቀላል ይመስላል። አይደለም።

ልንገራችሁ። ቢቢሲ በየዓመቱ ሰኔ 14 ለየት ያለ ስርጭት አለው። አንታርክቲካ ውስጥ በብሪታንያ የምርምር ጣቢያዎች ክረምቱን ለሚያሳልፉ ጥቂት ሰዎች የሚተላለፍ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ነው። የቤተሰቦቻቸው ሰላምታ ይነበባል፤ የመረጡት ዘፈን ይጋበዛል። በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ለሌላ ሰው የተላከ ደብዳቤ በነፋስ መጥቶ እጃችሁ ላይ እንደማረፍ ነው። ሁላችንም ያን ለመስማት ቀጠሮ ያዝን።

ያን ሌሊት ደሴ ላይ ዝናብ ነበር። ጣሪያው ይደበደባል። የሩቁ መብረቅ በየሴኮንዱ ሬዲዮው ውስጥ ይፈነዳል። ስርጭቱ ያለባቸውን ሦስቱንም ፍሪኩዌንሲ እየተመላለስኩ ፈለግኩ። አንዴ የሰው ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ሴት ትመስላለች። ከዚያ ጠፋ። በማግስቱ ሌሎች የቀዱትን ስልኬ ላይ ሰማሁ። አዎ፣ ሴት አለችበት። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ 24222 የሚል ቁጥር። እየጻፍኩ እጄ ከብዶኛል። ግን ጻፍኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። መምህሩ ሰምቷል። እሱ ለሥራ ኮምቦልቻ ሄዶ ስለነበር ዝናብ አልነበረበትም፤ የሁለት ሰላምታ ዝርዝር ጽፏል። ተራው የጋሼ ሆነ። 50 ዓመት ያዳመጡ ሰው ናቸው። ደብተራቸውን ዘረጉ። «ሰኔ 14። ዝናብ። አልሰማሁም።» ይላል። ሌላ ምንም የለም። በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተቀምጠው ያተረፉት ያ ብቻ ነው። ፊታቸው ላይ ቅሬታ አልነበረም። ስኒያቸውን አነሱ።

ጉሮሮዬ ደረቀ። ደብተሬን ሳልሰጣቸው እስክሪብቶ አወጣሁና የጻፍኩትን ፊታቸው ሰረዝኩት። «እኔም አልሰማሁም። የመሰለኝን ነው የጻፍኩት» አልኩ። መምህሩ ወደ መሬት አየ። ጋሼ ግን ደብተሩን ተቀብለው ስርዙን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ «እንግዲህ አሁን ሌላውን ገጽ ሁሉ አመንኩልህ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያ ገጽ አልተቀደደም። አዲስ ሰው ሲመጣ አሳየዋለሁ።

አሁን ፈተናው በርትቷል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሬዲዮ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ በእነሱ አንቴና መስማት ትችላላችሁ። በጣም ጠቃሚ ነገር ነው። የጠፋ ጣቢያ ዛሬ አየር ላይ አለ ወይስ የለም የሚለውን ለማወቅ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን በእሱ የሰማሁትን በቀይ ነው የምጽፈው። የሰማው ደሴ ያለው ሽቦዬ አይደለማ።

ይህ ደንብ የደብተር ጉዳይ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ግን ሌላ ነገር ሆነ። መብራት የለም። ስልክ የለም። ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ማታ 1 ሰዓት የጀርመን ድምፅን፣ 3 ሰዓት የአሜሪካ ድምፅን ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማ ነበር። ባትሪው እንዳያልቅ ዜናው ሲያበቃ ወዲያው አጠፋለሁ። ጠዋት ጎረቤት በር ላይ ይቆማል። «ምን አሉ?» ልጇ የጠፋባት እናት አለች። ወንድሙ መንገድ ላይ ያለ አለ። ሰው ሲጨንቀው ደስ የሚለውን እንድትነግረው በዓይኑ ይለምንሃል። ትንሽ ብትጨምርለት ያን ቀን እህል ይበላል። እኔ የሰማሁትን ብቻ ነገርኳቸው። ስለ አንድ ቦታ ሲጠይቁኝ ካልተጠቀሰ «ስለዚያ የሰማሁት የለም» አልኩ። ጋሼም በሰፈራቸው እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ስንገናኝ ነው። አንዲት እናት በኋላ ሱቅ መጥታ «አንተ ዘንድ ስመጣ ወሬ እንደማትጨምርብኝ ስለማውቅ ነበር» አለችኝ። ቀሚሷን ያለ ዋጋ አጠበብኩላት።

የአሜሪካ ድምፅ የምሽት 3 ሰዓቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጸጥ አለ። ያን ቀን ደብተሬ ላይ ሰዓቱን ጽፌ ከጎኑ ባዶ ተውኩት። የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ጋሼ ሁለቱንም እንደ ዘመድ ነው የሚያነሷቸው።

ባለፈው ዓመት ታምሜ ሆስፒታል ስተኛ የሱቅ ቁልፌን ለማን ልስጥ ብዬ አልተጨነቅኩም። ያለቀውን ልብስ ለየባለቤቱ ጋሼ ሰጡ። የተቀበሉትን ሂሳብ ከነሳንቲሙ ጻፉ፤ ያልተከፈለውን «አልተከፈለም» ብለው። የደብተሩ እጅ ጽሑፍና የሂሳቡ እጅ ጽሑፍ አንድ ነው።

እሁድ እሁድ መምህሩና እኔ ጦሳ ላይ እንወጣለን። ትንሽ ቴክሰን ሬዲዮ፣ ተጠቅልሎ የሚያዝ ሽቦ፣ ቆሎና ውሃ። ከላይ ከተማዋ ትንሽ ትሆናለች፤ ቻርጀርና ሪሲቨሩ ሁሉ ከታች ይቀራል። ሽቦውን ቁጥቋጦ ላይ እንዘረጋና ጀርባችንን ለድንጋይ እንሰጣለን። ብዙም አናወራም። በ7120 ኪሎ ኸርዝ የሐርጌሳን ሬዲዮ ያገኘነው እዚያ ነው። ሶማሊኛ አንችልም። ግን ሙዚቃው ሲመጣ ዓይናችንን ጨፍነን እስከ መጨረሻው ሰማነው። መውጣት የሚፈልግ ካለ በጊዜ ይነሳ፤ ጃኬትም ይያዝ፤ ላይ ብርድ አለ።

ስለ ማሰራጨት የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። እኔ አድማጭ ብቻ ነኝ። የሬዲዮ አማተሮች ግን ይናገራሉም፤ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክለብ ጣቢያ አላቸው። ይህ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ ማሰራጫ እንዳትነኩ።

የእነዚያ የእህትና ወንድም ሬዲዮ ጉዳይስ? ከፈትኩት። አያታቸው ከሞቱ ወዲህ ባትሪ ድንጋዩ ውስጡ ቀርቶ ፈስሷል። ሽቦዎቹ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር። ጥጥ ክብሪት እንጨት ላይ ጠቅልዬ በሎሚ ጠረግኩት፤ በአልኮል አጠብኩት፤ አደረቅኩት። የድምፅ መጨመሪያው ይንኮሻኮሻል፤ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሳዞረው ተሻለው። ሬዲዮ ሳትጠቀሙ የምታስቀምጡ ከሆነ ባትሪውን አውጡት።

ልጆቹ ሲመጡ አመሻሽ ነበር። ሬዲዮውን ከሱቅ አውጥተን ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ራቅ አልን። ቁልፉን ለልጅቷ ሰጠኋት። ቀስ ብላ አዞረች። ጩኸት፣ ፉጨት፣ ጩኸት። ከዚያ ድንገት ወንድ ድምፅ በዐረብኛ፣ ጥርት ብሎ። እጇን ከቁልፉ ላይ አላነሳችም። ወንድሟ «አያታችንም እንደዚህ ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር የሚሰማው» አለ። አንድ ባዶ ደብተር ከሱቅ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ልጅቷ የስንት ሰዓት ልጻፍ ብላ ጠየቀችኝ። 12 ሰዓት ከሩብ ነበር። የቀን ነው፤ 3 ደምሪ አልኳት።